«ቻይው» ከማለታችሁ በፊት

ከመገናኛ እስከ መርካቶ የሱቆችን በር እያያችሁ ሂዱ። ብዙ ሳትራመዱ በእጅ የተጻፈ ወረቀት መስታወት ላይ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። «የሽያጭ ሠራተኛ እንፈልጋለን። ፆታ፦ ሴት። ዕድሜ፦ ከ20 እስከ 27። ቁመና ያላት። በቂ ተያዥ ማቅረብ የምትችል። ደመወዝ፦ በስምምነት።»

ወረቀቷ ትንሽ ናት፤ የሥራውን ጠባይ ግን ሳትደብቅ ትናገራለች። «ቁመና ያላት» ሲባል ገና ሥራው ሳይጀመር ፊትና ቀለም ይመዘናል ማለት ነው። ጠባሳ ያለባት፣ እግሯን የሚያነክሳት፣ ግንባሯ ላይ ንቅሳት ያለባት ወይም አማርኛዋ የመጣችበትን አገር የሚያሳብቅባት ልጅ ብትቀጠር እንኳ ብዙውን ጊዜ ቦታዋ ፊት ለፊት ሳይሆን ስቶር ውስጥ ካርቶን መፍታት ነው። «በስምምነት» የሚለው ደግሞ የሚያስቅ ነው። የቤት ኪራይ ቀኗ የደረሰባት ልጅና ሌሎች ሃያ አመልካቾች ስልካቸውን ትተውለት የሄዱ ባለሱቅ የሚስማሙት ምን ላይ እንደሆነ መገመት አያቅትም።

በዚህ ሥራ ላይ ያለች እህት፣ የአክስት ልጅ ወይም ጎረቤት የሌለው አንባቢ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ማታ እግሯ አብጦ፣ ፊቷ ጠቁሮ ስትገባ የምንላት አንድ ነገር ነው፦ «ቻይው፣ ሥራ ነው።» ሰሞኑን ደግሞ አነቃቂ ንግግር የሚባለው ተጨምሮበታል። አመለካከትሽን ቀይሪ፣ በፈገግታ ጀምሪ፣ ዛሬ ሻጭ ነገ ባለሱቅ። ልጅቷ መቻል አንሷት አያውቅም። ከጠዋት እስከ ማታ የምትሠራው እሱኑ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ዝም ያለችበትን ምክንያት ሳናውቅ ዝምታን መምከር ለቀጣሪዋ በነጻ መሥራት ነው።

ከተያዡ ልጀምር፤ የዝምታዋ ቁልፍ ያለው እዚያ ነውና።

ከደብረ ታቦር ወይም ከወላይታ ሶዶ የመጣች፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አጎት ብቻ ያላት ልጅ ተያዥ አምጪ ስትባል የምትሄደው ወደዚያው አጎቷ ነው። አጎትየው ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ ይመጣና ይፈርምላታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ሱቁ ውስጥ የምትመልሰው መልስ ሁሉ የአጎቷን ቤት የሚነካ ይሆናል። ባለቤቱ ሰው ፊት ሲሰድባት አንገቷን የምትደፋው ስለፈራች ብቻ አይደለም፤ የአጎቷ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ዓይኗ ላይ ስለሚመጣ ነው። ሥራውን ጥላ ልትሄድ ስታስብም መጀመሪያ የምታስበው «አጎቴን ቢከሱትስ?» ብላ ነው። አጎት የሌላት ደግሞ በደላላ በኩል ተያዥ ትፈልጋለች፤ ገና ያልተቀበለችውን ደመወዝ ለዚያ ትከፍላለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ቁጥር 1922፣ ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበት ይናገራል፤ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰ ደግሞ ዋስትናው ዋጋ እንደማይኖረው ይደነግጋል። ሱቆች የሚያስፈርሙትን ወረቀት አንብቡት እስቲ። «ለምታደርሰው ጉዳትና ጉድለት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ይላል፤ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ተያዥ ልትሆኑ የምትሄዱ አጎቶችና አክስቶች፣ መጠኑን ጻፉ፤ የፈረማችሁበትንም ወረቀት ፎቶ አንሱ። ልጅቷን «ቻይው» ከማለት ይልቅ «የእኔ ነገር ይህን ያህል ብር ነው፣ ከዚያ በላይ አያገኙኝም፣ ለእኔ ብለሽ አትሰደቢ» ብትሏት ቀና ብላ ትሠራለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ ጉድለት።

ሱቅ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ጉድለት ሲባል ስርቆት ይመስለዋል። ሦስት ዓመት ካሽ ማሽን ኋላ ስለቆምኩ አመጣጡን በደንብ አውቀዋለሁ። ደንበኛ ሽቶ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ይወጣል። ዕቃ አመላላሹ 24 ብሎ ያወረደው ካርቶን ሲፈታ 23 ይሆናል። የባለቤቱ ወንድም «ኋላ እጽፈዋለሁ» ብሎ ሁለት ጫማ ይዞ ይሄዳል፤ አይጽፈውም። ብስኩቱ ቀኑ አልፎ ይጣላል፤ መጣሉን የመዘገበ የለም። ሐሰተኛ ባለ 200 ብር ኖት በሰው ግርግር መሐል ይገባል፤ ባንክ ሲደርስ ይያዛል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው በቆጠራ ቀን አንድ ስም ይሰጣቸዋል፤ የልጅቷ ስም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ስልክ መጣ። ደንበኛው «በቴሌብር ልኬአለሁ» ወይም «ባንክ አስገብቻለሁ» ብሎ ስክሪኑን ያሳያታል። ምስሉ የትናንት ሊሆን ይችላል፤ የተቀናበረም ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ መግባቱን የሚናገረው መልእክት የሚደርሰው ግን ባለቤቱ ስልክ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ምሳ ላይ ነው ወይም ስልኩ ተይዟል። ከኋላ ስድስት ሰው ተሰልፏል። አሁን ምን ታድርግ? ደንበኛውን ብታቆመው «ሌባ አደረግሽኝ» ብሎ ይጮህባታል፤ ባለቤቱም ማታ «ደንበኛ አባረርሽ» ይላታል። ብትለቀውና ገንዘቡ ሳይገባ ቢቀር ከደመወዟ ይቆረጣል። ማረጋገጫውን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ አስቀምጦ ተጠያቂነቱን ለእሷ መስጠት በየትኛው ሂሳብ ነው ልክ የሚሆነው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 አሠሪ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ እንዳሻው እንዳይቆርጥ ይከለክላል። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ አለዚያም ሠራተኛዋ በጽሑፍ ስትስማማ ብቻ ነው የሚቆረጠው። ያኔም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዟ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ለምሳሌ 5,000 ብር የምታገኝ ከሆነ ጣሪያው 1,666 ብር ግድም ነው። የወሩን ደመወዝ ጠቅልሎ «ለጉድለቱ ይዤዋለሁ» ማለት አይቻልም፤ ይህንንም ባለሱቅም ሻጭም ማወቅ አለበት።

ባለሱቆቹ ግን «በጽሑፍ ስትስማማ» የምትለዋን ቃል አግኝተዋታል። በቅጥሯ ቀን ከተያዡ ወረቀት ጋር አብራ የምትፈርማት ሌላ ወረቀት አለች፤ «ጉድለት ቢገኝ ከደመወዜ እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ» የምትል። ምን እንደሚጎድል፣ ስንት እንደሚጎድል፣ ማን እንደሚቆጥረው ሳይታወቅ ገና ላልደረሰ ዕዳ ቀድሞ መስማማት ስምምነት ነው ብዬ አላምንም። ሥራውን ለማግኘት የተከፈለ መግቢያ ነው እንጂ።

ባለሱቅ ወዳጆቼ እዚህ ላይ እንደምትቆጡ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝን ከወዲሁ አነበብኩት፦ «የምትሰርቅም አለች እኮ። ኪራዩ ሰማይ ነክቷል፣ ግብሩ አለ፣ እኛስ ከየት እናምጣ?» እውነት ነው፣ የምትሰርቅ አለች። ለእሷ ፖሊስ አለ፣ ካሜራ አለ፣ ማስረጃ አለ። ማስረጃ የሌለው ጉድለት ግን እንደ ኪራዩና እንደ መብራቱ የንግዱ ወጪ ነው። የበዓል ሰሞን ሽያጩ እጥፍ ሲሆን ከትርፉ ሲሶ የደረሳት ልጅ አላውቅም። ትርፉ የባለቤቱ ብቻ ከሆነ ኪሳራውን ሱቁ ውስጥ ካሉት ሁሉ ድሃዋ የምትሸፍንበት ምክንያት አይገባኝም። ደግሞ ልንገራችሁ፣ የሌላ ሰው ጉድለት ሁለት ሦስት ጊዜ ያስከፈላችኋት ልጅ የዕቃችሁ ጠባቂ መሆኗ ያን ጊዜ ያበቃል።

እስከዚያው፣ አንቺ እዚያው ያለሽው፣ የምታደርጊው ነገር አለ። አንድ ደብተር ግዢ። ጠዋት ስትረከቢ ያገኘሽውን ካሽና የምታውቂውን ዕቃ ጻፊ፤ ማታ ያስረከብሽውን ጻፊ፤ ቀኑን አድርጊበት። የተቀበለሽው ሰው እንዲፈርም ጠይቂ፤ ካልፈረመ «አልፈረመም» ብለሽ ጻፊ። ባለቤቱም ሆነ ዘመዱ ዕቃ ሲያወጣ ሰዓቱንና ዕቃውን ጻፊ፤ ሳታኮርፊ፣ እየሳቅሽ፣ «ጋሼ እንዳልረሳው ብዬ ነው» በይ። በስልክ የሚከፈል ሲመጣ ለባለቤቱ ወዲያው በጽሑፍ ላኪለት፦ «3,400 ብር፣ ከቀኑ 8፡20፣ ገብቷል?» መልስ ቢሰጥም ባይሰጥም ጥያቄሽ ስልክሽ ላይ ይቀራል። አንቺ በሌለሽበት በተደረገ ቆጠራ ላይ ደግሞ አትፈርሚ። ግድ ከሆነ ከፊርማሽ በላይ «ቆጠራው ላይ አልነበርኩም» ብለሽ ጽፈሽ ፈርሚ። ይህ ደብተር ባለሱቁን ደግ አያደርገውም። ግን ነገሩ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ፍርድ ቤት ቢደርስ ወረቀት ያለው እሱ ብቻ አይሆንም። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚጠየቀው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ እንደሆነም አትርሺ፤ «ዓመቱን ልጨርስና» ስትዪ ያልፍሻል።

ውል አልጻፍልሽም ካሉሽም መብትሽ አይጠፋም። አዋጁ የጽሑፍ ውል ባይኖር እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ ደብዳቤ ፈርሞ እንዲሰጥ ያዛል፤ አለመስጠቱ የሠራተኛዋን መብት አያስቀርም።

ሰዓቱን በአጭሩ ልለፈው፣ ሂሳቡ ራሱ ስለሚናገር። ሕጉ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ የምሳው አንድ ሰዓት ተቀንሶ፣ ስድስት ቀን የምትሠራ ልጅ 66 ሰዓት ትሠራለች። በሳምንት 18 ሰዓት ትርፍ ማለት ነው፤ አዋጁ የሚፈቅደው የትርፍ ሰዓት ጣሪያ ግን በሳምንት 12 ነው። የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ያችው 5,000 ብር የምታገኘው ልጅ ቢታሰብላት በወር ወደ 2,800 ብር ተጨማሪ ይገባታል። ስንቷ ናት የምታገኘው? በ2017 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት እንዲሆኑ ሲያዝ ስለ ከተማዋ ድምቀት ብዙ ተወርቷል። ያንን መብራት አብርታ የምትቆመው ልጅ ከዚያ በኋላ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ እንዴት እንደምትደርስ ግን ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ወንበሩን ግን በአጭሩ አላልፈውም።

ብዙ ሱቆች ውስጥ ሻጭ መቀመጥ አትችልም። ደንበኛ ባይኖርም አትችልም። ወንበር ያለባቸውም ቢሆኑ ወንበሩ የባለቤቱ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ስትቀመጥ ሰነፍ ትመስላለች» ነው። የምትሠራውን ትሠራለች አትሠራም አይደለም ጉዳዩ፤ ምን ትመስላለች ነው። የእግር ደም ሥር መገታተር፣ የወገብ ሕመም፣ በወር አበባ ቀን 11 ሰዓት መቆም፣ እርጉዝ ሆና መቆም፤ ይህ ሁሉ ደንበኛው ሲገባ ቆማ እንዲያገኛት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። እንግሊዝ ለሦስት ሴት ሻጮች ቢያንስ አንድ መቀመጫ እንዲኖር በሕግ ያዘዘችው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። በሕንድ ኬረላ ግዛት የልብስ ሱቅ ሴት ሻጮች ለዓመታት ሲጮኹ ቆይተው በ2018 የሱቆች ሕጉ ተሻሽሎ በሥራ ሰዓት መቀመጥ መብታቸው ሆነ፤ ጎረቤቷ ታሚል ናዱም በ2021 ተከተለች። ሳሪ የሚሸጡት እነዚያ ሴቶች ከሽሮ ሜዳና ከመርካቶ ሻጮች በብዙ አይለዩም፤ ደመወዛቸው ትንሽ ነው፣ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። የጠየቁት ወንበርና ሽንት ቤት ነበር። የኛ ባለሱቆች ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። በርጩማ ስንት ነው? ከባንኮኒው ኋላ አስቀምጡላት። ደንበኞችም ብትሆኑ «ተቀመጪ፣ አየሁት፣ ሲያስፈልገኝ እጠራሻለሁ» በሉ። ባለቤቱ ሲሰማ ደግሞ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉት።

ስለ ደንበኛ ካነሳን፣ አሥራ አምስት ልብስ አስወርዶ፣ አንዱንም ሳይገዛ፣ «አንቺ፣ ይሄን አንሺው» ብሎ የሚሄደው ሰው ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚሄድ፣ ሠፈሩ ውስጥ የተከበረ ሰው ነው። ለባንክ ሥራ አስኪያጅ «እርስዎ» የሚለው አፉ ሱቅ ሲገባ ይቀየራል። አብራኝ ትሠራ የነበረች አንዲት ልጅ ለዚህ ዘዴ ነበራት። የሰደባትን ሰው ወዲያው «እርስዎ» ትለዋለች፤ ወጣትም ቢሆን፣ እኩያዋም ቢሆን። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የሚፈልጉትን ቁጥር ይንገሩኝ።» ፈገግታ የለውም፣ ቁጣም የለውም። በመሐላቸው ባንኮኒው ላይ ሌላ ባንኮኒ የጨመረች ያህል ነበር። ብዙዎቹ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ባይቀንሱም እሷ ቤቷ ስትገባ ስድቡን ይዛው አትገባም ነበር፤ «የተሰደበው ባንኮኒው ነው» ትለን ነበር።

እጅ ሲመጣ ግን «እርስዎ» አይበቃም። ስቶር ውስጥ ተከትሎ የሚገባ ባለቤት፣ መልስ ሲቀበል ጣቷን የማይለቅ ደንበኛ፣ ማታ «ላድርስሽ» የሚል የባለቤት ወንድም። ስለዚህ የሚነግሩን ጥቂቶች ናቸው፤ ምክንያቱም ስትናገር መጀመሪያ የምትጠየቀው ስለ አለባበሷ ነው። አዋጁ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ይከለክላል፤ አሠሪው ሰብዓዊ ክብሯን የሚነካ ነገር ከፈጸመ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ትታ እንድትሄድም ይፈቅድላታል። ይህን መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመችበት ያልፋል። በሌላ ምክንያት ከሆነ የምትለቀው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት አለባት፤ የሥራ ልምድ ወረቀቷንም ይዛ መውጣት መብቷ ነው።

ሕጉን እንዲህ ስደረድር «ማን ያስፈጽመዋል?» የምትሉ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ሦስት ሠራተኛ ባለው ሱቅ ውስጥ ማኅበር አይመሠረትም፤ ሕጉ 10 ሰው ይፈልጋል። ግን እዚያው ሕግ ውስጥ ከ10 ያነሰ ሠራተኛ ባላቸው ቤቶች የሚሠሩ ሰዎች ተሰባስበው አጠቃላይ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም እንደሚችሉ ተጽፏል፤ አባላቱ 10 ከሆኑ ይበቃል። አንድ የገበያ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ብቻ ስንት ሻጭ አለ? ኢሠማኮ ፋብሪካ ለፋብሪካ ከሚዞረው ጊዜ ላይ ትንሽ ቆርሶ እነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ቢገባ ሥራ አያጣም።

ልጆቹ ግን ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ሕንፃ የአንደኛ ፎቅ ሻጮች የሳምንት ዕቁብ አላቸው። አሥራ ስድስት ናቸው፤ ጫማ የምትሸጥ፣ መነጽር የምትሸጥ፣ የልጆች ልብስ የምትሸጥ። አንዷ ሱቅ ውስጥ ቆጠራ ሲኖር ከጎረቤት ሱቅ አንዷ «ላግዛችሁ» ብላ ትገባና አብራ ትቆጥራለች፤ ባለቤቶቹ እርዳታ ይመስላቸዋል። አዲስ ልጅ ስትቀጠር የትኛው ባለሱቅ ደመወዝ እንደሚያዘገይ፣ ከማን ጋር ስቶር እንደማይገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይነግሯታል። ባለፈው ጥር አንዷ የሁለት ወር ደመወዟ ለጉድለት ተይዞባት ለመልቀቅ ስትወስን ዕጣው የእሷ አልነበረም። የደረሳት ልጅ ተራዋን ለቀቀችላት። ልጅቷ ማስጠንቀቂያዋን በጽሑፍ ሰጥታ፣ ደብተሯን ይዛ፣ ክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደች። አቤቱታዋ ገና እየታየ ነው። የቤት ኪራይዋን ግን እስከ መጋቢት ከፍላለች።